ለወላጆች የሚላከው ሊንክ ለምን ሳይከፈት ይቀራል? ለአንዲት የድሬዳዋ መምህርት ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት የ1ኛ ክፍል ኃላፊ መምህርት ነኝ። ስለ ልጅ አስተዳደግ ኢንተርኔት ላይ የማገኛቸውን ጠቃሚ ጽሑፎችና ቪዲዮዎች በክፍላችን የቴሌግራም ግሩፕ ለወላጆች እልካለሁ። ከወላጆቹ ግማሽ ያህሉ ግሩፑ ውስጥ የሉም፤ ያሉትም አይተው ዝም ይላሉ። ብዙዎቹ ቤታቸው የሚናገሩት ሶማሊኛ ወይም አፋን ኦሮሞ ነው። አሁን ደግሞ ርዕሰ መምህሩ ሥራውን ለትምህርት ቤቱ በሙሉ እንዳዳርሰው ጠይቀውኛል። እንዴት ብሠራው ይጠቅማል?»

ምላሽ፦

የተከበሩ መምህርት፣ ጥያቄዎ ከሚመስለው በላይ ዝርዝር ስለሚፈልግ ረዘም አድርጌ እመልሳለሁ። ከሁሉ አስቀድሞ ግን የወላጆቹን ዝምታ እንደ ግድየለሽነት እንዳይቆጥሩት አደራ እላለሁ። ሊንኩ ሳይከፈት የሚቀረው በአብዛኛው ዴታ ስለሌለ፣ ጽሑፉ የተጻፈበት ቋንቋ ስለሚከብድ፣ ምክሩ የዚያን ቤት ኑሮ ስለማይመስል ወይም ስልኩ በዚያ ሰዓት ልጁን በሚያሳድገው ሰው እጅ ስላልሆነ ነው። ከተከፈተም በኋላ ቢሆን ወላጅ የልጅ አያያዙን የሚያሻሽለው ስላነበበ ብቻ አይደለም። የሚያሻሽለው የሚያምነው ሰው፣ በሚገባው ቋንቋ፣ ዛሬ ማታ ሊሞክረው የሚችል አንድ ትንሽ ነገር ሲነግረውና ከጥቂት ቀናት በኋላ ደግሞ «እንዴት ሆነልዎት?» ብሎ ሲጠይቀው ነው። ስለዚህ ኢንተርኔት ላይ ያለውን ጽሑፍ በቅድሚያ የእርስዎ ንባብ አድርገው ይቁጠሩት፤ ወደ ወላጁ የሚሄደው እርስዎ አንብበው፣ መርጠውና ከቤቱ ኑሮ ጋር አስማምተው በራስዎ አንደበት የሚናገሩት ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ የዚህ አንድ ሐሳብ ዝርዝር ነው።

ይህን የምለው ከግል ግምት ተነሥቼ ብቻ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2020 ኮቪድ ትምህርት ቤቶችን በዘጋበት ወቅት በቦትስዋና 4,500 ያህል ቤተሰቦች የተሳተፉበት ጥናት ተካሂዶ ነበር። አንዱ ወገን በየሳምንቱ አጭር የጽሑፍ መልእክት ብቻ ተላከለት፤ ሌላው ወገን ከመልእክቱ በተጨማሪ በሳምንት አንድ ጊዜ ለ20 ደቂቃ ያህል ስልክ እየተደወለለት ወላጁና ልጁ አብረው እንዲሠሩ ተደረገ። መልእክት ብቻ በደረሳቸው ቤቶች በልጆቹ የሂሳብ ችሎታ ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልታየም፤ በተደወለላቸው ቤቶች ግን በግልጽ ታየ። ጥናቱ ያተኮረው በሂሳብ ትምህርት ላይ እንጂ በልጅ አስተዳደግ ላይ እንዳልነበረ ልብ ይበሉ፤ ቢሆንም ለእርስዎ ጥያቄ ከማውቃቸው ማስረጃዎች ሁሉ የሚቀርበው ይህ ነው፤ ምክንያቱም ተመሳሳይ ይዘት በሰው ድምፅ ሲታጀብና ብቻውን ሲላክ ያለውን ልዩነት ጎን ለጎን ያሳያል።

ስለ ብዛቱም አንድ ነገር ልጨምር። በአሜሪካ፣ ሳን ፍራንሲስኮ፣ የቅድመ መደበኛ ልጆች ላሏቸው ወላጆች በሳምንት 3 አጫጭር መልእክቶች ይላኩ ነበር፤ አንዱ እውነታ ይናገራል፣ ሁለተኛው የሚሠራ ነገር ይሰጣል፣ ሦስተኛው ያበረታታል። ቆይቶ በተደረገ ሌላ ጥናት በሳምንት 1፣ 3 እና 5 መልእክት ሲነጻጸሩ 1 ብቻ ማነሱ፣ 5 ደግሞ ወላጆቹን አሰልችቶ አገልግሎቱን እንዲያቋርጡ ማድረጉ ታየ። እርስዎ ስልክም ስለሚደውሉ፣ በር ላይም ስለሚያገኟቸው በሳምንት ከሁለት መልእክት ባይበልጡ እመክራለሁ። በቀን ሦስት አራት ሊንክ የሚለጠፍበት ግሩፕ ውስጥ ወላጅ በመጀመሪያ የሚያደርገው ድምፁን ማጥፋት ነው፤ ከዚያ በኋላ የፈተና ፕሮግራም ቢላክ እንኳ አያየውም።

አሁን ወደ ድሬዳዋ ልመለስ። ትምህርት ቤቱ መዝገብ ላይ ያለው ስልክ ቁጥር የማን ነው? በብዙ ቤት የተመዘገበው የአባት ቁጥር ነው። አባትየው በድንበር ከተማዋ በደወሌ በኩል ጅቡቲ የሚመላለስ ሾፌር ሊሆን ይችላል፤ እናትየው ቀኑን ሙሉ ቀፊራ ወይም ታይዋን ገበያ ናት፤ ልጁን ከትምህርት ቤት የምትቀበለው፣ የምታበላውና የምታስተኛው አያቱ ወይም ታላቅ እህቱ ናት። እንዲህ ባለው ቤት የእርስዎ መልእክት ደወሌ ላይ ወረፋ በሚጠብቅ መኪና ውስጥ ይነበባል እንጂ ልጁ ያለበት ቤት አይደርስም። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ አዲስ ምዝገባ ነው። «የወላጅ ስልክ» ከማለት ይልቅ «ልጁ ማታ ሲመለስ አብሮት የሚሆነው ማን ነው? እሱን ወይም እሷን በየትኛው ስልክ፣ በስንት ሰዓት አገኛለሁ? በየትኛው ቋንቋ ላናግር?» ብለው ይጠይቁ። እነዚህ ጥያቄዎች አንድ ገጽ አይሞሉም፤ በካርድ ቀን ወላጅ ተሰልፎ ሲጠብቅ ይሞላሉ። ሁለት ቁጥር መቀበልንም አይርሱ። ሳፋሪኮም በነሐሴ 2014 ኔትወርኩን ለመጀመሪያ ጊዜ በሙከራ የከፈተው በዚሁ በድሬዳዋ ስለሆነ ከተማችን ውስጥ በ09 እና በ07 የሚጀምሩ ሁለት ሲም ካርዶች ይዞ እንደ ፓኬጁ ዋጋ የሚያቀያይር ሰው ብዙ ነው፤ አንዱ «ጥሪ አይቀበልም» ቢልዎ ወላጁ ጠፋ ማለት አይደለም።

የመላኪያው ሰዓትም ከቦታው ኑሮ ጋር ይስማማ። የድሬን ሙቀት ያውቁታል፤ ከቀትር እስከ 9 ወይም 10 ሰዓት ድረስ ከተማው ያርፋል፣ በዚያ ሰዓት የደረሰ መልእክት ሌላው ተደራርቦበት ይቀበራል። ከመግሪብ በኋላ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ያለው ጊዜ የተሻለ ነው፤ ልጁም ቤት አለ፣ ምክሩም ወዲያው ሊሞከር ይችላል። በረመዳን ይህንን ከኢፍጣርና ከተራዊሕ ሶላት ጋር ማመቻቸት ይኖርብዎታል፤ የትኛው ሰዓት እንደሚመች ወላጆቹን መጠየቅ ከመገመት ይሻላል።

ስለ ቋንቋው ያነሡት ነጥብ የሥራው ልብ ነው። በከተማ አስተዳደራችን የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ ይሰጣል፤ ሆኖም በአማርኛ በሚያስተምር ትምህርት ቤት ውስጥ እንኳ የቤቱ ቋንቋ ሌላ ሊሆን ይችላል። ሶማሊኛ አቀላጥፎ የሚናገር፣ ነገር ግን በሶማሊኛ የተጻፈ ገጽ አንብቦ የማያውቅ ወላጅ አለ፤ አፋን ኦሮሞ ተናግራ ያደገችና ቁቤ (ቋንቋው የሚጻፍበትን የላቲን ፊደል) ያልተማረች እናትም አለች። ለእነዚህ ወላጆች የተተረጎመ ጽሑፍ መላክ ችግሩን ከአንድ ቋንቋ ወደ ሌላ ቋንቋ ማሸጋገር ነው። የሚጠቅማቸው ድምፅ ነው። የአንድ ደቂቃ የቴሌግራም ቮይስ ብዙ ጊዜ ግማሽ ሜጋባይት አይሞላም፤ አምስት ደቂቃ ቪዲዮ ግን በአስር የሚቆጠር ሜጋባይት ሊወስድ ስለሚችል የዕለት ፓኬጅ ለሚገዛ ሰው ቀላል ወጪ አይደለም። ቪዲዮ ደግሞ ሌላም ጣጣ አለው። ወላጁ የላኩትን ከፍቶ ሲጨርስ ስልኩ የማይገናኝ ሌላ ቪዲዮ ያስከትላል፤ ብዙውን ጊዜም ስልኩ የታናሹ ልጅ እጅ ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2019 ባወጣው መመሪያ ከ2 እስከ 4 ዓመት ያሉ ልጆች ስክሪን ፊት ተቀምጠው የሚያሳልፉት ጊዜ በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ከዚያ በታች ያሉት ደግሞ ባያዩ እንደሚሻል መክሯል። ስለ ልጅ አስተዳደግ የምንልከው ነገር ራሱ ልጁን ስልክ ላይ የሚያስቀምጥ እንዳይሆን መጠንቀቅ የእኛ ፈንታ ነው።

ድምፁን ማን ይቅረጸው? አማርኛውን እርስዎ። ሶማሊኛውንና አፋን ኦሮሞውን ግን ከወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረቱ አባላት መካከል በሰፈሩ ዘንድ የሚከበር፣ ልጅ በማሳደግም የሚታወቅ ሰው ቢሠራው ይመረጣል። ጽሑፍ ሰጥተው ቃል በቃል እንዲያነቡ አያድርጓቸው፤ ሐሳቡን በአማርኛ ያጫውቷቸው፣ እነሱ በራሳቸው አነጋገር ይንገሩት። ከመላኩ በፊት ቋንቋውን የሚያውቅ ሌላ ሰው አዳምጦ ምን እንደሰማ በአማርኛ ይንገርዎት፤ የገባው ነገር እርስዎ ካሰቡት የተለየ ከሆነ እንደገና ይቀረጽ። ይህ አሥር ደቂቃ የሚፈጅ ማጣሪያ ብዙ ስሕተት ያስቀራል።

ምርጫውን በተመለከተ፣ በይነመረብ ላይ ካሉት ምክሮች አብዛኛው ከየት እንደመጣ አይታወቅም። አስተማማኝ ምንጭ ልጠቁምዎት። የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍ፣ የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲና ሌሎች ተባባሪዎች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2020 በጋራ ያወጧቸው የአንድ ገጽ የወላጅነት ምክሮች አማርኛን ጨምሮ ከ100 በላይ ቋንቋዎች ተተርጉመው በነፃ ይገኛሉ። ለኮቪድ ጊዜ ይዘጋጁ እንጂ አብዛኞቹ ወቅት የማይሽራቸው ናቸው፦ ከእያንዳንዱ ልጅ ጋር ለብቻ ጊዜ ማሳለፍ፣ በበጎ ቃል ማዘዝ፣ የቀኑን ውሎ መልክ ማስያዝ፣ ልጅ ሲያጠፋ ሳይመቱ ማረም፣ ራስን ማረጋጋት። የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የዓለም ባንክ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2018 ያወጡት የሕፃናት እንክብካቤ ማዕቀፍም ጤናን፣ አመጋገብን፣ የልጁን ስሜት ተረድቶ ምላሽ መስጠትን፣ ደኅንነትንና የመማር ዕድልን በአንድነት ስለሚያይ የዓመቱን መልእክቶች ሲያቅዱ ይጠቅምዎታል፤ ያለዚያ ሁሉም መልእክት ስለ ቅጣትና ስለ ጥናት ብቻ ይሆናል። ሌላውን ጽሑፍ ሁሉ ሲያነቡ ለስንት ዓመት ልጅ እንደሆነ ይናገራል ወይ፣ የሚሸጠው ነገር አለ ወይ፣ እናትን ብቻ ይወቅሳል ወይ ብለው ይመርምሩት። የሚያስፈራራውንም ይጣሉት፤ የፈራ ወላጅ ይበልጥ ይመታል እንጂ አይማርም።

ጥሩው ምክርም ቢሆን እንዳለ አይላክም። ብዙዎቹ የተጻፉት ልጁ የራሱ ክፍል፣ የራሱ አልጋና የመጽሐፍ መደርደሪያ ያለው መሆኑን ታሳቢ አድርገው ነው። «ሲያጠፋ ወደ ክፍሉ ልከው እንዲረጋጋ ያድርጉ» የሚለው ምክር ገንደ ቆሬ ሰፈር ውስጥ በአንድ ክፍል ቤት ለሚኖሩ ሰባት ሰዎች ምን ማለት ነው? ሐሳቡን ግን ማዳን ይቻላል፤ ልጁ ግቢው ውስጥ ካለው ጥላ ሥር ትንሽ ተቀምጦ ቁጣው ሲበርድ እንዲመለስ ማድረግ ያው ሐሳብ ነው። «ከመኝታ በፊት መጽሐፍ ያንብቡለት» የሚለውም በብዙ ቤት ለአያት የሚሰጥ ሥራ ነው። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት»፣ በሶማሊኛ ደግሞ «ሼኮ ሼኮ» ሲባል «ሼኮ ሐሪር» ብሎ መልሶ የሚያዳምጥ ልጅ ቃላት እየሰበሰበ፣ ታሪክ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ እየተማረ ነው፤ አያቲቱ ይህንን ሲያደርጉ ለትምህርቱ እየረዱት መሆኑን ከመምህርቱ አፍ መስማት ይገባቸዋል። ለእያንዳንዱ ልጅ ለብቻ ጊዜ ስጡ የሚለው ከላይ የጠቀስኩት የአንድ ገጽ ምክር 20 ደቂቃ ያህል ቢሆንም ይበቃል ይላል። አምስት ልጅ ያላት እናት 20 ደቂቃ ከየት ታምጣ ብለን ተስፋ አንቁረጥ፤ አንዱን ልጅ አጠገቧ አስቀምጣ ምስር እየለቀመች፣ ስልኩን አርቃ፣ እሱ የሚያወራውን ብትሰማ ጊዜው ሞላ። በማግስቱ የሌላው ልጅ ተራ ነው።

የመልእክቱ ቅርጽ ምን ሊመስል እንደሚችል ለማሳየት ከእነዚያው የአንድ ገጽ ምክሮች ሁለቱን ወስጄ አንድ ደቂቃ የማይሞላ ቮይስ ልጻፍልዎት፦

«እንደምን አመሻችሁ፣ የ1ኛ ‹ለ› ወላጆች። የልጆቻችሁ መምህርት ነኝ። የዛሬው ጉዳይ አንድ ነው። ልጃችን ደብተሩን ሲበትን ወይም ታናሹን ሲመታ ደማችን ይፈላል፤ ይህ በሁላችንም ይደርሳል። እንዲህ ሲሆን እጃችንን ከማንሣታችን በፊት 10 ሰከንድ ቆም እንበል። 5 ጊዜ በቀስታ አየር ስበን እናስወጣ። ከዚያ ‹አታዝረክርክ› ከማለት ‹ደብተርህን ቦርሳህ ውስጥ ክተት› እንበለው፤ ማድረግ ያለበትን ስንነግረው ቶሎ ይገባዋል። እስከ ዐርብ አንድ ጊዜ ሞክሩት፤ በር ላይ ስንገናኝ እንዴት እንደሆነላችሁ እጠይቃችኋለሁ። ደህና እደሩ።»

ልብ ብለው ይዩት። የሚናገረው ማን እንደሆነ ይታወቃል፣ ጉዳዩ አንድ ብቻ ነው፣ ወላጁን አይወቅስም፣ ሊባል የሚገባው ዐረፍተ ነገር ተዘጋጅቶ ተሰጥቷል፣ እንደሚጠየቅም ተነግሮታል። የመጨረሻውን ቃል ካልጠበቁ ግን፣ ማለትም ዐርብ በር ላይ ቆመው ካልጠየቁ፣ የሚቀጥለው መልእክት ክብደት ያጣል።

ስለ ቅጣት መልእክት ከመላክዎ በፊት በራሱ በትምህርት ቤቱ ውስጥ መታየት ያለበት ጉዳይ አለ። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤቶችና በማሳደጊያ ተቋማት ውስጥ ከአካላዊ ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ጠዋት ሰልፍ ላይ ያረፈደውን በማስመሪያ የሚመታ መምህር ካለ፣ ማታ «አትምቱ» የሚል ቮይስ ከዚያው ትምህርት ቤት ሲደርስ ወላጁ ያዝናል፤ ልጁም ይህን ያያል። ለርዕሰ መምህሩ በቅድሚያ እንዲያነሡላቸው የምመክረው ይህንን ነው፤ ከቴሌግራሙ ሁሉ የሚቀድም ነውና።

ስማርት ስልክ ለሌላቸው አጭር የጽሑፍ መልእክት አለ፤ ነገር ግን የፊደላችን መጠን ይገድበዋል። በላቲን ፊደል የሚጻፍ አንድ መልእክት 160 ፊደል ሲይዝ በግዕዝ ፊደል የሚጻፈው ክፍተቱና ነጥቡ ተቆጥሮ 70 ብቻ ይይዛል፤ ካለፈ በሁለት መልእክት ሒሳብ ይቆረጣል። አፋን ኦሮሞና ሶማሊኛ በላቲን ስለሚጻፉ 160ውን ይጠቀማሉ። በአማርኛ «ዛሬ ማታ ስልክዎን አስቀምጠው ልጅዎን «ዛሬ ደስ የሚል ነገር ምን ነበር?» ብለው ይጠይቁ።» የሚለው 60 ፊደል አይሞላም፤ ወንድ ሴት ሳይለይም ለሁሉም ይሆናል። ይህንን ያህል አጥሮ የማይነገር ምክር በስልክ ጥሪ ወይም ፊት ለፊት ይነገር።

ጥሪው ከባድ መስሎ ከታየዎት ሒሳቡን ይሥሩት። ክፍልዎ ውስጥ 45 ልጆች ካሉና በሳምንት ለ5 ቤት አሥር አሥር ደቂቃ ቢደውሉ፣ ከአንድ ሰዓት ያነሰ ጊዜ ሰጥተው በ9 ሳምንት ሁሉንም ያዳርሳሉ፤ በዓመት ሦስት ጊዜ ያህል ማለት ነው። ጥሪውን ሁልጊዜ ልጁ ባደረገው መልካም ነገር ይጀምሩት። ከትምህርት ቤት ስልክ ሲመጣ «ምን አጠፋ?» ብሎ የሚደነግጥ ወላጅ በመጀመሪያው ደቂቃ መረጋጋት አለበት፤ ያለዚያ ከጥሪው በኋላ የሚቀጣው ልጁ ነው። የስልክ ካርዱን ወጪ ግን ከደመወዝዎ አይሸፍኑት። ትምህርት ቤቱ በጀት ይያዝለት፤ በመምህር ኪስ የሚሮጥ ሥራ እስከ ጥር አይዘልቅም።

ግሩፑን በተመለከተ፣ ለሚላኩት ምክሮች ቻናል ይክፈቱ፣ ግሩፑን ለውይይት ይተዉት። ቻናል ላይ ተከታዮቹ እርስ በርስ አይተያዩም፤ የእናቶች ስልክና ፎቶ ለማያውቁት ሰው አይጋለጥም። ከታች የሚታየው የተመልካች ቁጥር ስንት ጊዜ እንደታየ እንጂ ማን እንዳየው አይናገርም፤ ስለዚህ እንደ ውጤት አይቁጠሩት። ከመመዝገብዎ በፊት ወላጁ ፈቃዱን ይስጥ፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ የመልካም ጠባይ ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። የአንድን ልጅ ጠባይ፣ ውጤት ወይም ሕመም ግሩፕ ላይ ፈጽሞ አይጻፉ፤ ስሙን ሳይጠሩ «አንዳንድ ልጆች» ቢሉም ሰፈሩ ማንነቱን ያውቀዋል። በሌላ በኩል ሁሉንም በአንድ መተግበሪያ ላይ መጣል አደጋ አለው። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ቴሌግራምን ጨምሮ አንዳንድ ማኅበራዊ መገናኛዎች በአገራችን ተገድበው እንደነበር ያስታውሳሉ፤ በቪፒኤን የገባ ገባ፣ ብዙ ወላጅ ግን ተቋረጠ። ለዚህ ነው ስልክ ጥሪውና ወረቀቱ ከጎን መኖር ያለባቸው።

ወረቀቱ በመገናኛ ደብተር ሊሄድ ይችላል፤ ሆኖም ስለ ቅጣትና ስለ ቁጣ የሚናገረውን በልጁ እጅ አይላኩ። አንብቦ የሚያሰማው ራሱ ልጁ ሊሆን ስለሚችል ወላጁ በልጁ ፊት የተገሠጸ ይመስለዋል። እንዲህ ያለውን በስብሰባ ወይም በጥሪ ያድርጉት፤ በልጅ እጅ የሚሄደው ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ጨዋታ፣ ስለ ተረት ይሁን። ሚኒ ሚዲያውም ይጠቅማል፤ ልጆቹ ራሳቸው «ማታ አያታችሁን ተረት ጠይቁ» የሚል ማስታወቂያ ቢያሰሙ መልእክቱ ስልክ የሌለበት ቤትም ይገባል።

በጥንቃቄ እንዲያዩት የምፈልገው ሌላ ጉዳይ አለ። ስለ ልጅ ደኅንነት መልእክት ሲልኩ አንዲት እናት ልትደውልልዎትና ቤቷ ውስጥ ስለሚደርስ ድብደባ ወይም በልጇ ላይ ስለተፈጸመ ጥቃት ልትነግርዎት ትችላለች። ይህ የሚሆነው ስላመነችዎት ነው። ከዚያ በፊት ወዴት እንደሚመሯት የተጻፈ ነገር በእጅዎ ሊኖር ይገባል፦ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ባለሙያ፣ ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ ያለው የሴቶችና ሕፃናት ክፍል፣ ቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ፣ የእያንዳንዳቸው ስልክና የሚገኙበት ሰዓት። እርስዎ መርማሪም አስታራቂም ለመሆን አይሞክሩ። ይስሟት፣ አይጠራጠሯት፣ ለሌላ መምህር እንደ ወሬ አያንሱት፤ ለርዕሰ መምህሩ ያሳውቁና ወደሚመለከተው አካል አብረዋት ይሂዱ። ይህ ዝርዝር ሳይዘጋጅ በጥቃት ጉዳይ ላይ መልእክት ባይላክ እመርጣለሁ።

ርዕሰ መምህሩ ሥራው ለሁሉም ክፍል እንዲዳረስ መጠየቃቸው መልካም ነው፤ ነገር ግን በአንድ ጊዜ አይሁን። ዘንድሮ በኦ ክፍልና በ1ኛ ክፍል ይወሰን፤ የትንንሾቹ ወላጆች በር ድረስ ስለሚመጡ ፊት ለፊት የሚገኙት እነሱ ናቸው። ሁለት መምህራንና በሦስቱ ቋንቋዎች የሚናገሩ ሦስት ወላጆች ያሉበት አነስተኛ ቡድን ይበቃል፤ ከወላጆቹ ቢያንስ አንዱ አባት ይሁን፤ አባቶች የእናቶች ጉዳይ ነው ብለው የሚተዉትን ነገር ከአባት አንደበት ሲሰሙት ይቀበሉታልና። ቡድኑ በወር አንድ ጊዜ ተቀምጦ የሚቀጥሉትን መልእክቶች ይምረጥ። መንገድ ላይ የሚያገኙትን ሊንክ ሁሉ መለጠፍ ለሚወዱ ባልደረቦችም መልሱ ይኸው ይሁን፦ ለቡድኑ ይስጡት፣ ቡድኑ ያየዋል።

ውጤቱን ለማወቅ መጠይቅ ማዘጋጀት አያስፈልግም። በአንደኛው መንፈቀ ዓመት ካርድ ቀን ለእያንዳንዱ ወላጅ አንድ ጥያቄ ያቅርቡ፦ «ከላክናቸው ነገሮች የሞከሩት አለ? ምን ሆነ?» የሚሉትን በአጭሩ ይጻፉ። አንድን መልእክት ሦስት አራት ወላጆች ከነሆነው ነገር ከነገሩዎት ድምፁ ተቀምጦ በሚቀጥለው ዓመት ለሚመጡት ወላጆች ይላክ፤ ማንም ያላስታወሰው ደግሞ ከዝርዝሩ ይውጣና በምትኩ ወላጆቹ ራሳቸው በዚያ ቀን የጠየቁዎት ጉዳይ ይግባ።